ምርመራው ከፓስፖርቱ ይቅደም
(ለሥራ ወደ ውጭ አገር ስለሚሄዱ ወገኖችና ስለ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት፣ በወልቂጤ የቀረበ ዲስኩር)



የመጣሁበትን ጉዳይ ሳልሸፋፍን ልጀምር። ከዚህ ከተማና ከቡታጅራ ወጣቶች ለሥራ ወደ ውጭ አገር ይሄዳሉ። ከእነዚህ መካከል ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝ አሉ። ገሚሶቹ ራሳቸውን ያውቃሉ፣ መድኃኒት ይወስዳሉ፤ ገሚሶቹ ጨርሶ አያውቁም። ሁለቱም ጉዳዩን ፊት ለፊት የሚጋፈጡት አዲስ አበባ ላይ፣ የሥራ ስምሪት ኤጀንሲው ለሕክምና ምርመራ በላካቸው ዕለት ነው። በዚያን ጊዜ ደግሞ በሬው ተሽጧል፣ ዕቁቡ ወጥቷል፣ ከዘመድ ብድር ተገብቷል፣ ደላላው የድርሻውን ወስዷል። ዛሬ የምከራከረው ለአንድ ነገር ነው፤ ምርመራው ከዚያ ተነሥቶ ወደዚህ ይምጣ። ወልቂጤና ቡታጅራ ላይ፣ በየጤና ጣቢያችን፣ ፓስፖርት ከመውጣቱና ገንዘብ ከእጅ ከመውጣቱ በፊት ይደረግ።

ጉራጌን ስለ መንገድ ማስተማር ድፍረት እንደሆነ አውቃለሁ። ከአለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራ በኩል ወደ ሆሳዕናና ወደ ሶዶ የሚወርደውን መንገድ በራሱ መዋጮ ለማሠራት የተነሣ ሕዝብ ነው። አያቶቻችን ሸዋ ወርደው ጉልበታቸውን ሸጡ፣ ጫማ ጠረጉ፣ መርካቶ ሱቅ ከፈቱ። ክርስቲያኑ ለመስቀል፣ ሙስሊሙ ለዐረፋ ወደ አገሩ ይገባል። ይህ መመላለስ የኤአርቲ፣ ማለትም የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት፣ ክፍሎቻችንን ሥራ ጭምር ቀርጾታል። በመስከረም መጀመሪያ ሳምንታት አዲስ አበባ ካርድ ያለው ሰው «መድኃኒቴን ረስቼ መጣሁ» እያለ ወደኛ ሲመጣ፣ ለበዓል የመጣው ሰውዬ ኪኒኑን ቤተሰብ እንዳያይበት ሆን ብሎ አዲስ አበባ ትቶት እንደመጣ ባለሙያዎቻችን ይገባቸዋል። በተቃራኒው ደግሞ የወልቂጤው ሰው መድኃኒቱን ከወሊሶ፣ የቡታጅራው ከሆሳዕና ወይም ከዝዋይ የሚወስድበት ጊዜ አለ። ምክንያቱ አንድ ነው፤ የሚያውቀኝ ያየኛል የሚል ስጋት። እንግዲህ በአገሩ ውስጥ ሳለ እንኳ መድኃኒቱንና ኑሮውን በሁለት ከተማ ከፍሎ የሚኖር ሰው፣ ባሕር ሲሻገር ምን ይሆናል?

ከሃያ ዓመት በፊት ይህ ጥያቄ ባልተነሣም ነበር። በሽታው በአገራችን የታወቀው በ1970ዎቹ አጋማሽ ነው። መድኃኒቱ በነፃ መታደል የጀመረው ግን በ1997 ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ዘመን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ፤ ስለ ቀብር እንጂ ስለ ቪዛ የሚያስብ ሕመምተኛ አልነበረም። ዛሬ በኢትዮጵያ ከ600 ሺህ በላይ ሰዎች ቫይረሱ በደማቸው ይገኛል ተብሎ ይገመታል፤ አብዛኛው መድኃኒት ይወስዳል። በቀን አንዲት ኪኒን ናት። ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር የሚባሉ ሦስት መድኃኒቶች በአንዷ ውስጥ ተጠቃልለዋል፤ ባለሙያው በአጭሩ ቲ ኤል ዲ ይላታል። በአግባቡ የሚወስዳት ሰው በደሙ ያለው ቫይረስ በምርመራ እስከማይታይ ይወርዳል፤ ቫይረሱ እንዲህ የወረደለት ሰው ደግሞ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለማንም አያስተላልፍም። ያርሳል፣ ይነግዳል፣ ይወልዳል። ወደ ውጭ ሄጄ ልሥራ ማለቱም የጤናው ምልክት ነው። ችግሩ የሚጀምረው እኛ «ጤነኛ ነህ» ያልነውን ሰው ሌላው ዓለም «አይደለህም» ሲለው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ፤ ወጣቶቹ «ሜዲካል» ወደሚሉት።

ወደ ሳዑዲ፣ ኩዌት፣ ኳታር፣ ኤምሬቶች፣ ባሕሬንና ኦማን የሚሄድ ሠራተኛ እነዚህ አገሮች በመረጧቸው የአዲስ አበባ ክሊኒኮች ይመረመራል። ቀድሞ ጋምካ ይባል ነበር፤ አሁን ዋፊድ በሚባለው ሥርዓት ነው የሚሠራው። ደሙ ለኤች አይ ቪ፣ ለጉበት ቫይረሶች ማለትም ለሄፓታይተስ ቢ እና ሲ፣ እንዲሁም ለቂጥኝ ይታያል። ደረት በራጅ ለሳንባ ነቀርሳ ይነሣል። ሴት ከሆነች የእርግዝና ምርመራም አለ። ውጤቱ በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይነገራል፤ «ፊት» ወይም «አንፊት»፣ ማለትም ብቁ ወይም ብቁ ያልሆነ። የሠራተኛው ምርመራ ክፍያ ራሱ ሠራተኛው ላይ መሆኑን የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ደንግጓል፤ ፓስፖርቱ፣ ክትባቱና የሙያ ብቃት ማረጋገጫውም እንዲሁ። አሠሪው የሚከፍለው ቪዛውንና የአውሮፕላን ቲኬቱን ነው። ስለዚህ ሜዲካል የወደቀች ልጅ እስከዚያ ቀን ያወጣችው ሁሉ የራሷ ኪሳራ ነው ማለት ነው።

ኪሳራው በገንዘብ ቢያበቃ እኔም እዚህ ባልቆምኩ። «አንፊት» የሚለው ቃል ምክንያቱን ይዞ አይመጣም። ልጅቱ ሄፓታይተስ ቢ ሊሆን ይችላል ያላት፤ በአገራችን ብዙ ሰው ሳያውቀው አብሮት የሚኖር ነገር ነው። ድሮ ታክማ የዳነችው የሳንባ ነቀርሳ ጠባሳ በራጅ ታይቶ ይሆናል። እርጉዝ ልትሆንም ትችላለች። ሰፈሩ ግን አንድ በሽታ ብቻ ነው የሚያውቀው። አውቶቡስ ተራ ወርዳ ሻንጣዋን ይዛ ቤቷ ሳትደርስ ወሬው ይቀድማታል። በእውነት ኤች አይ ቪ የተገኘባት ደግሞ ውጤቷን የምትሰማው ከማታውቃቸው ሰዎች ነው፤ በማታውቀው ከተማ፣ ወረፋ በሚጠብቅ ሕዝብ መካከል። ወዲያውኑ መድኃኒት ወደሚጀመርበት ጤና ተቋም አድርሶ ካርድ የሚያወጣላት ሰው ከጎኗ የለም። ያ ምርመራ የተሠራው ለአሠሪው አገር ነው። ስለ እሷ ጤና የሚጠይቅ አንድም ጥያቄ የለበትም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር ነው የሚያስፈራኝ። አንደኛው መንገድ ማጭበርበር ነው። በሌላ ሰው ደም የሚያስመረምሩ ደላሎች አሉ፤ ጤነኛ ጓደኛ ይተካል፣ ብር ይከፈላል፣ «ፊት» ይባላል። ደላላው ያልነገራት ነገር ቢኖር እዚያ እንደደረሰች የመኖሪያ ፈቃድ፣ ማለትም ኢቃማ፣ ከመሰጠቱ በፊት እንደገና እንደምትመረመር ነው። ያኔ የምትተካላት ጓደኛ የለችም። ፈቃዱ ሲታደስም ምርመራው ሊደገም ይችላል። ውጤቱ ከታወቀ ወደ ማቆያ ቤት ትወሰዳለች፣ ከዚያም በአውሮፕላን ትመለሳለች። አብዛኛውን ጊዜ ለምን እንደተመለሰች በቋንቋዋ የሚነግራት የለም። በማቆያው ቆይታዋ መድኃኒቱን የማግኘቷ ነገር ደግሞ እጅግ አጠራጣሪ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ባሕሩ ነው። በሩ በሕጋዊው በኩል ሲዘጋ በኦቦክ ወይም በቦሳሶ በኩል ወደ የመን፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ድንበር። በደቡብ በኩል ከሆነ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ። በመጋቢት 2012 ሞዛምቢክ ቴቴ አካባቢ አንድ ኮንቴይነር ሲከፈት የ64 ኢትዮጵያውያን አስከሬን ተገኝቶበታል፤ አየር አጥሯቸው ነው የሞቱት። ይህን የማነሣው ለማስፈራራት አይደለም። እንዲህ ባለ ጉዞ ላይ ኪኒን በሰዓቱ እንደማይዋጥ ለማስረዳት ነው። ደላላው መጀመሪያ የሚያስጥለው ሻንጣውን ነው።

እንግዲህ የጠየቅሁት ይህ ነው። በእኛ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች የኤች አይ ቪ ምርመራ በነፃ ነው፤ ውጤቱ የሚነገረው ለተመርማሪው ብቻ ነው፤ የተገኘበት ሰው በዚያው ዕለት መድኃኒት መጀመር ይችላል። ወደ ውጭ ለመሄድ ያሰበ ሰው ሁሉ የመጀመሪያው እርምጃው ይህ ይሁን። ሄፓታይተሱንም ጨምሮ ይመርመር። ውጤቱን አውቆ፣ ሁለት ቀን አስቦበት፣ ከዚያ በኋላ ስለ ፓስፖርት ይነሣ። ለሥራ የሚሄዱ ወጣቶች በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ሥልጠና ይወስዳሉ፤ የቅድመ ጉዞ ትምህርትም አለ። ልጆቹ ልብስ መተኮሻና የምድጃ አያያዝ ሲማሩ አይቻለሁ፤ ጠቃሚ ነው። ከዚያ ሥልጠና ላይ አንድ ሰዓት ለአንዲት የኤአርቲ ነርስ ብትሰጧት ግን ምን ይጎድላችኋል? በዚያ ሰዓት ከዓመት በኋላ ከማቆያ ቤት የሚደወል ስልክ ይቀራል።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልዝጋ። ይህ ምርመራ በግዴታ ይሁን የሚል ሰው ቢነሣ የመጀመሪያው ተቃዋሚ እኔ ነኝ። ውጤቱ ወደ ኤጀንሲ ወይም ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ የሚሄድ ከሆነ አዲስ አበባ ያለውን ወንፊት እዚህ ተከልን ማለት ነው። የአገራችን የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ራሱ፣ አሠሪ ሠራተኛውን ለሕክምና ምርመራ ሲልክ የኤች አይ ቪን ምርመራ ለይቶ አስቀርቷል። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም በሰኔ 2002 ባወጣው ቁጥር 200 ምክረ ሐሳብ፣ ሥራ ፍለጋ የሚሰደድ ሰው በኤች አይ ቪ ምክንያት ከላኪውም፣ ከተቀባዩም፣ ከመተላለፊያውም አገር እንዳይታገድ ብሏል። መንግሥታችን ከሳዑዲ፣ ከዮርዳኖስና ከኳታር ጋር የሥራ ስምሪት ስምምነት ሲፈራረም ይህን አንቀጽ ይዞ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ይችል ነበር፤ አሁንም ይችላል። የዚህ ከተማ ሰው ግን ስምምነቱ እስኪቀየር ድረስ በተቀባዮቹ አገሮች ሕግ ውስጥ ነው የሚኖረው። ሕጉ ግፍ ነው ማለትና ሕጉ የለም ማለት ይለያያሉ።

ስለዚህ አገሮቹን በስማቸው ልጥራ። የተባበሩት መንግሥታት የኤድስ ፕሮግራም በ2011 ባወጣው ቆጠራ 48 አገሮችና ግዛቶች በኤች አይ ቪ ምክንያት የሆነ ዓይነት የጉዞ ወይም የመኖሪያ ገደብ ነበራቸው፤ 19ኙ የውጭ ዜጋን በዚህ ምክንያት ያባርሩ ነበር። ስድስቱ የባሕረ ሰላጤ አገሮች በዝርዝሩ አሉ። ሊባኖስና ዮርዳኖስም አሉ። ከቡታጅራ ገበያ የሚሰሙት የአገር ስሞች ከሞላ ጎደል እዚያ ይገኛሉ ማለት ነው። እነዚህ አገሮች ለገዛ ዜጎቻቸው መድኃኒቱን ይሰጣሉ፤ ለመጤ ሠራተኛ ግን የሚሰጡት የመመለሻ ቲኬት ነው። መድኃኒት እየወሰድሽ ወደ ሪያድ ልሂድ የምትይ እህቴ፣ ቤቴ ብትመጪ የምመክርሽ አትሂጂ ብዬ ነው። ይህን ማለት ለእኔ ቀላል ነው፤ ለአንቺ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን እዚያ ስትደርሺ ሁለት ምርጫ ነው የሚጠብቅሽ፤ መያዝ ወይም ተደብቆ መድኃኒት ማቆም።

ደቡብ አፍሪካ ሌላ ነው። ከጎረቤታችን ከሆሳዕና የሄዱት ወገኖች ብዛት በዚህ አዳራሽ ለማንም አዲስ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ በዓለም ትልቁ የኤች አይ ቪ ሕክምና ፕሮግራም ያላት አገር ናት። ቫይረሱ ስላለብህ አትገባም አትልም፤ በመንግሥት ክሊኒክ መድኃኒት ለማግኘትም የአገሬው መታወቂያ የግድ አይደለም። የምትሰጠው ኪኒንም ያው ቲ ኤል ዲ ነው። እንቅፋቱ ሌላ ቦታ ነው። የኛ ልጅ በታውንሺፕ ውስጥ ሱቅ ከፍቶ ከማለዳ እስከ ሌሊት ይቀመጣል፤ ክሊኒኩ ደግሞ የሚሠራው በቀን ነው፤ ሱቁን ጥሎ ወረፋ ቢይዝ ሊዘረፍ ይችላል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህም መጤን ከክሊኒክ በር ላይ የሚመልሱ ቡድኖች ተነሥተዋል። ስለዚህ እዚያ የሚሄድ ሰው በደረሰ በሳምንቱ፣ ገና ሱቅ ሳይገባ፣ ካርድ ያውጣ። ይዞት የሄደው የስድስት ወር መድኃኒት አልቆ ከሚሯሯጥ ይህ ይሻላል።

ወደ ምዕራቡ ዓለም የሚሄዱት ከዚህ ቀለል ያለ ጎዳና ላይ ናቸው። አሜሪካ የኤች አይ ቪ እገዳዋን በ2002 አንሥታለች፤ ዲቪ ደርሶት ኢንተርቪው የሚጠብቅ ሰው በዚህ ምክንያት ቪዛ አይከለከልም፤ እዚያም ገቢው ዝቅተኛ የሆነ ሰው መድኃኒቱን የሚያገኝበት የመንግሥት ፕሮግራም አለ። እንግሊዝ ከ2005 ጀምሮ የኤች አይ ቪ ሕክምናን ወረቀት ላለውም ለሌለውም በነፃ ትሰጣለች። ካናዳ ለመኖሪያ የሚያመለክትን ሰው ትመረምራለች፤ ውጤቱ ግን ብቻውን በር አይዘጋም። ከዚህ በላይ አልዘረዝርም፤ ከዚህ ከተማ ወደዚያ የሚሄዱት ጥቂት ናቸው፤ የጠየቀም ብዙውን ጊዜ መልስ ያገኛል።

አሁን ስለ ኪኒኗ ልናገር፤ በሙያዬ መድኃኒት አዳይ ነኝና በዚህ ላይ ብዙ ብቆይ ታገሡኝ።

መድኃኒቷ ነጭ የፕላስቲክ ብልቃጥ ውስጥ ነው የምትመጣው፤ ባለ 30 ፍሬና ባለ 90 ፍሬ አለ። ውስጧ እርጥበት የሚስብ ትንሽ ከረጢት አለባት። ብልቃጧ ስትንቀሳቀስ ትጮኻለች፤ በአውቶቡስ የሄደ ሰው ያውቃታል። ስለዚህ ሴቶቻችን ጥጥ ይጠቀጥቁባታል። ይበልጥ የሚጎዳው ግን ቀጥሎ የሚያደርጉት ነው፤ ወረቀቷን ልጠው ይጥላሉ፣ ወይም ኪኒኑን በላስቲክ ቋጥረው በርበሬ ውስጥ ይቀብራሉ፣ ለሚሄድ ሰውም «ለእህቴ አድርስልኝ» ብለው ያሸክማሉ። በርበሬ፣ ቡናና ሚጥሚጣ ወደ ዐረብ አገር ሲላክ ከመካከሉ ምን እንደሚወጣ ብንናገር ጉምሩኩ ይገረማል። እንዲህ የተላከ ኪኒን እርጥበትና ሙቀት ያገኘዋል፤ ስሙ የሌለበት ነጭ ኪኒን ደግሞ በየትኛውም አየር ማረፊያ ጥርጣሬ ይጠራል። ሕጉ ወደሚፈቅድለት አገር የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን በራሱ ብልቃጥ፣ ስሙ ከተጻፈበት ወረቀት ጋር፣ በእጅ ሻንጣው ይያዝ። በጭነት የገባ ሻንጣ ይጠፋል።

ምን ያህል ይያዝ? መድኃኒቱን በደንብ የወሰደና ቫይረሱ የወረደለት ሰው በአገራችን አሠራር የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ሊሰጠው ይችላል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፤ የሚያውቀውም ሊሄድ እንደሆነ ለነርሷ ስለማይነግር አይጠይቅም። ይንገራት። ሲነግራት የዝውውር ወረቀትም ትጽፍለታለች፤ በእንግሊዝኛ ይጻፍ። ሦስቱ መድኃኒቶች በሙሉ ስማቸው፣ የተጀመሩበት ቀን፣ የመጨረሻው የቫይራል ሎድ (በደም ያለ የቫይረስ መጠን) ውጤትና ቀኑ፣ የሄፓታይተስ ቢ ውጤት፣ የሳንባ ነቀርሳ መከላከያ መውሰድ አለመውሰዱ፣ የሚያስቆጣው መድኃኒት ካለ እሱም ይስፈርበት። ወረቀቱ ሳይዝ የሄደ ሰው በአዲሱ አገር ከዜሮ ይጀምራል፤ «ቀድሞ ምን ትወስድ ነበር?» ሲባል «ነጭ ኪኒን» ብሎ ይመልሳል። ወረቀቱን በስልኩም ፎቶ አንሥቶ ቢይዝ ጥሩ ነው፤ ስልኩን ማን እንደሚከፍተው ግን ያስብበት።

የሄፓታይተስ ቢ ውጤት ወረቀቱ ላይ ይስፈር ያልኩት በከንቱ አይደለም። ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን የጉበቱንም ቫይረስ ይገታሉ። ሁለቱም በሽታ ያለበት ሰው ኪኒኗን በድንገት ሲያቆም ጉበቱ ሊያብጥና ሕይወቱን አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል። ኤች አይ ቪው ራሱም አይጠብቅም፤ መድኃኒት ባቆመ ሰው ደም ውስጥ በሁለት፣ በሦስት፣ በአራት ሳምንት ተመልሶ ይነሣል። በዚያን ጊዜ ሰውየው ምንም አይሰማውም። ይህ ነው አታላዩ ነገር፤ «አቁሜ አየሁት፣ ምንም አልሆንኩም» ይላል፣ ለሚቀጥለውም ይመክራል። አንዳንዱ ደግሞ እንዳያልቅበት አንድ ቀን ውጦ አንድ ቀን ይዘላል፤ ቁጠባ ይመስለዋል። እንዲህ ማድረግ ቫይረሱን መድኃኒቱን እንዲለማመድ ማሠልጠን ነው። ዶሉቴግራቪር ከቀድሞዎቹ መድኃኒቶች ይልቅ መላመድን ይቋቋማል፤ ቢሆንም ገደብ አለው።

ጥቂት ትንንሽ ነገሮች ልጨምር። የብረት ወይም የካልሲየም ኪኒን፣ የጨጓራ ማስታገሻም ጭምር፣ ከዶሉቴግራቪር ጋር አብሮ ሲዋጥ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳል፤ ኪኒኗ ከእነሱ ሁለት ሰዓት ቀድማ ወይም ስድስት ሰዓት ዘግይታ ትዋጥ። ሌላው ጾም ነው። በረመዳን የሚጾም ሰው በኢፍጣር ወይም በሱሑር ሰዓት ይውሰዳት፤ በቀን አንዴ ስለሆነች ጾሙን አታስፈታም። የዐቢይ ጾም ጿሚም በመብል ሰዓቱ ይውሰዳት። ጸበልን በተመለከተ ሟቹ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናግረዋል፤ እኔ የምጨምርበት የለኝም።

በመንገድ ላይና እዚያ ከደረሰች በኋላ በተጓዧ ላይ ስለሚደርሰው አንድ ነገር ልበል፤ ሴቶቹን ነው የምለው። ቫይረሱ ሳይዛት ሄዳ እዚያ የሚይዛት አለች። ወደ ሳዑዲ ሲገባ በየመን መንገድ ላይ፣ ወይም ከማዳም ቤት ጠፍታ በምትኖርበት ጊዜ፣ የምትደፈር አለች። በ72 ሰዓት ውስጥ የተጀመረና ለ28 ቀን የተወሰደ መድኃኒት ቫይረሱን ሊከላከል እንደሚችል ሳትሄድ ልታውቅ ይገባል። በምትደርስበት አገር ይህን መድኃኒት ማግኘት ከባድ ሊሆን ይችላል፤ ገና በአገሯ ድንበር ሳለች ወይም ጅቡቲ ላይ ከሆነ ግን ዕድሏ ሰፊ ነው። ይህን ትምህርት ለወንዶችም አስተምሩ፤ ሊደርስባቸው ይችላልና። ዝርዝሩን እዚህ አልቀጥልም።

የመጨረሻው ጉዳዬ ተመላሾች ናቸው። በኅዳር 2006 ሳዑዲ ወገኖቻችንን ስታባርር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተመልሷል። ከዚያ ወዲህም በየጊዜው ይመለሳሉ። ከቦሌ ተነሥቶ ቡታጅራ የደረሰ ተመላሽ መጀመሪያ የሚያየው ቤተሰቡንና ዕዳውን ነው፤ ጤና ጣቢያ የመጨረሻው ሐሳቡ ነው። ያለ ምክንያት ተመለስኩ የሚል ሰው፣ በተለይ ምርመራ ተደርጎለት ውጤቱ ሳይነገረው የተመለሰ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ይመርመር። መድኃኒት ጀምሮ ያቋረጠ ደግሞ በአቅራቢያው ወዳለ ማንኛውም ኤአርቲ ክፍል ይግባ፤ የቀድሞ ካርዱ ያለበት ከተማ መሆን የለበትም፤ ወረቀት ባይኖረውም መድኃኒት አይከለከልም።

ለባለሙያዎቻችን ያለኝ ልመና እዚህ ላይ ነው። የጠፋው ሰው በመዝገባችን ላይ «ሎስት» ተብሎ ተጽፏል። ሦስት ዓመት ቆይታ የመጣች ሴት በመጀመሪያ የምትሰማው «የት ጠፍተሽ ነበር?» የሚል ቁጣ ነው። የት እንደነበረች ለመናገር የሄደችበትን መንገድ፣ የተያዘችበትን ቤት፣ የደረሰባትን ሁሉ መናገር ይኖርባታል፤ አትናገርም፤ ወጥታ ትሄዳለች፣ ሁለተኛም አትመጣም። ምንም ሳትጠየቅ ክብደቷ ተለክቶ፣ ሳንባ ነቀርሳ ታይቶላት፣ መድኃኒቷን ይዛ ትውጣ። ታሪኳን ለሦስተኛው ቀጠሮ አቆዩት። እንዲህ ማድረግ ሰው ይጠይቃል፤ ሰው ደግሞ አነሰን። በጥር 2017 የአሜሪካ ዕርዳታ ሲቋረጥ ጤና ሚኒስቴር በዚያ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የኮንትራት ሠራተኞችን አሰናብቷል። የጠፋ ሕመምተኛ ፍለጋ ስልክ የሚደውሉት፣ ቤት ድረስ የሚሄዱት፣ ምክር የሚሰጡት በብዛት እነሱ ነበሩ። በእነሱ ቦታ በዞኖቻችን ማን ደዋይ እንደሚሆን ከዞን አስተዳደሮቹና ከዕድሮቻችን መልስ እጠብቃለሁ፤ መርካቶ ያሉት የልማት ማኅበሮቻችንም ለአንዲት ነርስና ለአንድ ስልክ የሚሆን ደመወዝ ከመንገድ መዋጮ ይበዛባቸዋል ብዬ አላምንም።

ጥያቄ ያላችሁ በወረቀት ጽፋችሁ በር ላይ ላሉት ልጆች ስጡልኝ። ስም አትጻፉ፤ «ለጓደኛዬ ነው» ማለትም አያስፈልግም። በወረቀቱ ላይ የምትሄዱበትን አገርና የምትወስዱትን መድኃኒት ብቻ ብትጽፉ ይበቃኛል፤ ከሻይ በኋላ ሁሉንም አነባለሁ።